ካውያው እስኪበርድ

ልጅ ሳለሁ የተረት ልኩ ካውያ ነበር። ጋሼ ኑሩ ከምድጃችን ፍም ቆስቁሰው የከሰል ካውያቸውን ይሞሉና ብረቱ እስኪበርድ ድረስ ያወሩልኛል፤ ሲበርድ ያቆማሉ። ሰውየው ወንዝ መሀል ቆሞም ቢሆን፣ ጅኒው በሩን ሊከፍት እጁን ዘርግቶም ቢሆን፣ ካውያውን ገልጠው አመዱን እፍ ይሉና «በቃ፤ የቀረው ለነገ ፍም» ብለው የተኮሱትን ልብስ ሰብስበው ይነሳሉ። እኔ ታዲያ እናቴ ሳታየኝ ትልልቁን ፍም እየመረጥኩ እጨምርላቸው ነበር። የወይራ ፍም እንደሚቆይ፣ የባሕር ዛፍ ፍም ግን ቶሎ አመድ እንደሚሆን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ለወጥ ብዬ ሳይሆን ለተረት ብዬ።

ቤታችን ደብረ ታቦር ገበያው ዳር ያለች፣ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበረች። መንገድ የምታየውን የፊተኛዋን ክፍል ጋሼ ኑሩ ተከራይተው ልብስ ይሰፉባታል፣ ያድሩባታልም፤ የኋለኛዋ የእኔና የእናቴ ናት። በመሀል አንዲት በር አለች። ጋሼ ኑሩ በዕድሜ አያቴ የሚሆኑ፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ ሜትር የሚንጠለጠል ሙስሊም ሰው ነበሩ። ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ሰዓት እላፊ ስላለ ገበያው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይበተናል፤ ከዚያ በኋላ ከደጅ የሚሰማው የውሻ ጩኸትና የአብዮት ጥበቃዎቹ ኮቴ ብቻ ነው። ጋሼ ኑሩም ሱቃቸውን ይዘጉና ቀን የሰፉትን ታቅፈው «ቤቶች፣ እሳት አላችሁ?» እያሉ በመሀሉ በር ይገባሉ። እናቴ ይታይሽ «ግቡ፣ ለእርስዎ የሚሆን አይጠፋም» ትላቸዋለች፤ እንዝርቷንም አታቆምም። እናቴ ጥጥ ፈትላ ነበር የምታሳድገኝ።

ያኔ ያቺ ክፍል ምን ያህል ትሞቅ እንደነበር ዛሬ ለልጆቼ ማስረዳት ይቸግረኛል። እንዝርቱ ይሾራል፤ ኩራዙ ጥቀርሻውን እየተፋ ጥላችንን ግድግዳው ላይ ያስረዝመዋል፤ ካውያው እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ሽሽሽ ይልና እንፋሎቱ የከሰል፣ የሳሙናና የአዲስ ካኪ ሽታ ይዞ ይነሳል። በዚያ እንፋሎት ውስጥ የጋሼ ኑሩ ፊት ይጠፋል፤ ድምፃቸው ብቻ ይቀራል። ተረቱን የሚናገረው ጉሙ ራሱ ይመስለኝ ነበር።

የእሳቸው ተረት ንጉሥም ቀበሮም የለበትም። ሰዎቹ ሁሉ አገራቸውን ትተው የሄዱ ናቸው። ጋሼ ኑሩ በጎልማሳነታቸው አሥራ ሁለት ዓመት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ኖረው የተመለሱ ሰው ስለነበሩ፣ ጅኒዎቻቸው እንኳ ሰሊጥ አጫጆችና ሻይ ሻጮች ናቸው። አንዱም ተረት ለብቻው አያልቅም፤ የአንዱ ዕቃ በሌላው እጅ ይገኛል።

የመጀመሪያዋ አንድ የጉና ሰው ሰሊጥ ሊያጭድ ገዳሪፍ የወረደባት ናት። አጫጆቹ አርባ ናቸው። ቀን አጎንብሰው ሲያጭዱ አለቃው ጀርባቸውን ሲቆጥር አርባ አንድ ያገኛል፤ ማታ ለእራት ሲቀመጡ ፊታቸውን ሲቆጥር አርባ። አርባ አንደኛው ለካ በካቻምናው አጨዳ በንዳድ የሞተ ሰው ኖሯል፤ አጨዳው ማለቁን የነገረው ስላልነበረ አሁንም ያጭዳል። ሌሎቹ ሲፈሩት የጉናው ሰው ከኋላው ተጠግቶ የውሃ ቅሉን አቀበለውና፣ ባገራቸው ቋንቋ «ወንድምዓለም፣ አጨዳው አልቋል፤ በል ወደ አገርህ ግባ» አለው። በነጋታው ጀርባውም አርባ፣ ፊቱም አርባ ሆነ። ቅሉ ግን አልተገኘም።

ቅሉ የተገኘው በሁለተኛዋ ተረት፣ ገዳሪፍ ገበያ ሻይ የምትሸጥ አንዲት የእስቴ ሴት ደጃፍ ላይ ነው። ከዚያ ቅል ውሃ ከጠጣች ጀምሮ፣ ፀሐይ በጠለቀች ቁጥር ጥላዋ ከእግሯ ተፈትታ ወደ እስቴ ትሄዳለች። የእናቷን ግቢ ጠርጋ ጎህ ሲቀድ ትመለሳለች፤ በዚያ እሳት በሆነ አገር የሴትዮዋ እግር በደጋ ጤዛ ርሶ ይገኛል።

«እናትየዋስ ማን እንደሚጠርግላት ታውቃለች?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አታውቅም» አሉኝ። «ግን ጠዋት ጠዋት መጥረጊያዋን ካኖረችበት ቦታ አታገኘውም።»

እናቴ ይህን ስትሰማ እንዝርቷ ቆመ። ለጥቂት ጊዜ ነው የቆመው፤ ግን አየሁት።

ሦስተኛዋ ሳይሞት የተለቀሰለት ሰው ተረት ናት። ይህ ሰው ከገዳሪፍ ተነስቶ፣ ስንት በረሃ አቋርጦ አገሩ ሲገባ ማንም አያየውም። ሰላምታ ቢሰጥ የሚመልስለት የለም። ቤቱ ደርሶ ሚስቱን በስሟ ሲጠራት «ነፋስ ገባ፤ በሩን ዝጉት» አለች። የሞተ መስሏቸው አልቅሰው፣ አልቅሰው እንባው መንገዱን ዘግቶበት ኖሯል። ደጅ ወጥቶ ሲቀመጥ ያየችው ያቺ የሻይ ሻጯ ጥላ ብቻ ናት፤ የጎረቤት ግቢ እየጠረገች ቀና ብላ «ላንተም አለቀሱልህ?» አለችው። እዚህ ላይ ካውያው በረደ። በማግስቱ «ከዚያስ?» ብላቸው ጋሼ ኑሩ አልቀጠሉም። «ያቺኛዋ ገና ናት» አሉኝ። በሌላም ቀን ጠየቅኋቸው፤ ገና ናት።

እኔ ግን የምሰማው እንደ ተረት አልነበረም። አባቴ ደምሴ ከሦስት ዓመት በፊት ሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ፣ መንገዱ በጦርነት ሲዘጋበት ወደ ሱዳን ተሻግሯል መባሉን ብቻ ነበር የሰማነው። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ደብዳቤ ቢመጣም ቀበሌ የሚያስጠይቅ ነገር ስለነበር፣ እናቴ ዝምታውን እንደ ደህንነት ቆጥራው ትጸልያለች። ከአባቴ የማስታውሰው ቁመቱን ነው። በጣም ረጅም ስለነበር በራችን ሲገባ ሁልጊዜ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ሲረሳ ግንባሩ ጉበኑን ይመታዋል። ሊሄድ ሲነሳ ጋሼ ኑሩ የካኪ ኮት ሰፍተውለታል። «ቆላ ለሚወርድ ሰው ኮት ምን ያደርግለታል?» ብሎ ቢስቅም እናቴ ግድ አለችው፤ የደብራችንን እመት፣ የተባረከውን አፈር፣ በጨርቅ ቋጥራ፣ ልቡ ላይ በሚውለው ገበር ውስጥ በቀይ ክር በመስቀል ሰፋችበት።

ጥር መጨረሻ ላይ፣ አንድ ቀን፣ ጋሼ ኑሩ ማታ ሳይመጡ ቀሩ።

እናቴ ጥቂት ጠበቀችና «ምን ነክቷቸው ነው? አሟቸው ይሆናል። ሂጂ እስቲ ስንዱ፣ ፍሙን አድርሽላቸው» አለችኝ። በገል ፍም ይዤ በመሀሉ በር ገባሁ። ጋሼ ኑሩ ከስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ያልተቆረጠ ጥቁር ጨርቅና አንድ አሮጌ የካኪ ኮት አለ። ሲያዩኝ ጥቁሩን ጨርቅ ኮቱ ላይ ሳብ ሊያደርጉት ሞከሩ፤ ግን ገበሩ ላይ ያለውን ቀይ መስቀል አይቼዋለሁ።

«የአባቴ ነው» አልኩ።

ገሉን ከእጄ ወስደው መሬት አኖሩትና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሱዳን የተመለሰ አንድ የገሳይ ሰው ኮቱን ይዞ ጉና ወዳለው አጎቴ ሄዷል፤ አጎቴ ታከለ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። በሽተኞች የሚተኙበት አንድ ዳስ ሲደርስ ባለ ኮቱ ተቀብሮ እንዳገኘው፣ ፊቱን እንዳላየ፣ ኮቱን ግን መንገድ ላይ ደምሴ ለብሶት ያውቀው ስለነበር ለይቶ እንዳመጣው ነግሮታል። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ፣ ባገራችን መሀል የሚያዘው የሟች ልብስ ነው። አጎቴም ከገበሬ ማኅበሩ መሸኛ አጽፎ ከተማ ወርዶ፣ ኮቱን ተጥቦ ተተኩሶ እንዲያምርለት፣ ከጥቁሩ ጨርቅም ለእናቴ ከል እንዲሰፋላት ለጋሼ ኑሩ ሰጥቶ ሄዷል። መርዶው ነገ ማለዳ ነው። እናቴ ምንም አታውቅም።

እኔ በሐሳቤ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴን ደጃችን ላይ ተቀምጦ፣ እኛም «ነፋስ ገባ» ስንል።

«እባክዎ ጋሼ፣ አይለቀስ» አልኳቸው። «ከተለቀሰ መንገዱ ይዘጋበታል። እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።»

ጋሼ ኑሩ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «ምነው ያቺን ባልነገርኩሽ» አሉ።

«ውሸት ነው እንዴ?»

«ውሸትስ አይደለም። እኔ ነኝ።» ከዚያ ፍሙን እያዩ፣ ለልጅ በማይነገር ዓይነት ቀስ ብለው ነገሩኝ። ገዳሪፍ ሳሉ ሞተ ተብሎ ቤተሰባቸው አልቅሶላቸው ነበር። ሲመለሱ ሚስታቸው የሌላ ሰው ልጅ ታቅፋ አገኟት። «የምታውቀኝ ጎረቤት ቢስሚላሂ ብላ በሩን ዘጋችብኝ። በማንም አልፈርድም፤ ያለቀሱት ወደውኝ ነው። ግን ስንድዬ፣ ሰው አንዴ ከተለቀሰለት ወዲያ መመለስ ከባድ ነው። ለዚህ ነው ደብረ ታቦር መጥቼ ሰው በማያውቀኝ አገር የተቀመጥኩት።»

ከዚያ ሥራ ሥራ ነውና ተነሱ። ፍሙን ካውያው ውስጥ ጨመሩ፤ ጨርቅ አርጥበው ኮቱ ጎን ላይ አንጥፈው ተኮሱ። እንፋሎቱ ተነሳ። ጨርቁን ሲያነሱት ቆም አሉ። ኩራዙን አስጠጉ። በጣታቸው ከብብቱ እስከ ወገቡ ሄዱበት፤ ደግመው ሄዱበት። ጎን ለጎን የሚወርዱ ደቃቅ ቀዳዳዎች እንፋሎቱ ሲነካቸው ብቅ ብለዋል፤ የድሮው ስፌት የነበረባቸው ናቸው። አዲሱ ስፌት ከዚያ አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል። እጅጌውን ገለበጡት፤ እሱም ወደ ውስጥ ታጥፎ በነጭ ክር ተሰፍቷል።

«ያባትሽ ክንድ ረጅም ነበር አይደል?»

«ጣራውን ይነካ ነበር።»

«ይህ ክር የኔ አይደለም» አሉ፤ ለራሳቸው ነው ያሉት። ከዚያ ዞር ብለው «አሁን ሂጂ። እናትሽ ብትጠይቅሽ ምን ትያለሽ?»

«ፍሙን ሰጠኋቸው እላታለሁ።»

«እሱም እውነት ነው» አሉ።

በማግስቱ እናቴ እንደ ልማዷ ኪዳን አድርሳ ስትመለስ ቤታችን ሰው ሞልቶ አገኘችው። የነፍስ አባታችን መምሬ አለሙ፣ አጎቴ ታከለ፣ የሰፈር ሽማግሌዎች፤ ሁሉም ጋቢያቸውን አጣፍተው ዝም ብለዋል። በማለዳ እንዲያ ተሰብስቦ ዝም ያለ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። እናቴ መድረኩ ላይ ቆመች። በአንድ እጇ መቃኑን ያዘች።

«ደምሴ ነው?» አለች።

አጎቴ አፉን ሲከፍት ጋሼ ኑሩ በመሀሉ በር ገቡ፤ ኮቱን ተተኩሶ እንደ አዲስ ሆኖ በክንዳቸው አድርገውታል። «አንድ ነገር ሳይታይ መርዶ አይነገር» አሉ።

አጎቴ ተቆጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንድሙ ያለ ፍትሐት፣ ያለ ተዝካር በሰው አገር ተጥሏል ብሎ ልቡ የተቃጠለ ሰው ነው። «ልብስ ሰፊ ከመቼ ወዲህ ነው መርዶ የሚያስቆመው?» አለ።

«ኮቱን ልበሰው ነው የምልህ። አንተና ደምሴ አንድ ቁመት ናችሁ፤ ሁለታችሁንም ለክቻለሁ።»

«የሟች ልብስ ልልበስ? አንቱ ሰውዬ፣ ጤናም የለዎ?»

መምሬ አለሙ ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆይተው «ልበሰው እስቲ ታከለ» አሉ። አጎቴ እያጉረመረመ ጋቢውን ጣለና አንድ እጁን አስገባ። ሁለተኛው አልገባም። በግድ ሲገፋው ትከሻው ላይ ተወጥሮ ቀረ፤ እጅጌው ከክንዱ መሀል ጥቂት ቢያልፍ ነው። ቁልፉ ደረቱ ላይ አልገናኝ አለ።

«ወፍሬ ይሆናል» አለ አጎቴ፤ ፊቱ ግን ተለውጧል።

«ክንድህም ወፍሮ ነው የረዘመው?»

«ጨርቅ ታጥቦ ይኮማተራል።»

«ይኮማተራል። ግን ጨርቅ መርፌ ይዞ ራሱን አይሰፋም።» ጋሼ ኑሩ ገበሩን ገልብጠው ለሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ አሳዩ፤ የራሳቸውን ስፌት፣ የድሮውን ቀዳዳ፣ ሱዳን የተሰፋውን ነጭ ክር። «ኮቱ የደምሴ ነው፤ እኔ ሰፍቼዋለሁ። በዚህ ኮት የሞተው ግን አጭር ሰው ነው። ለራሱ ልክ አስጠብቦታል። ወላሂ፣ ደምሴ በሕይወት አለ አልልም፤ አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ የማውቀው ይህ ኮት እንደማይመሰክር ነው።»

አጎቴ ኮቱን ለማውለቅ ሲታገል ሁለት ሽማግሌዎች ረዱት። ካወለቀ በኋላ መደቡ ላይ ተቀመጠና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አጎቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ወንድሙ ባለመሞቱ።

እናቴ አላለቀሰችም። ኮቱን ተቀብላ ገበሩን ዳሰሰች፤ ቀዩ መስቀል እንዳለ ነው፣ እመቱም ከነቋጠሮው አለ። ለረጅም ጊዜ በአውራ ጣቷ ስትደባብሰው ቆየችና ማንም ያላሰበውን ጠየቀች።

«ታዲያ ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«ማ?» አለ አጎቴ።

«ኮቱን ለብሶ የሞተው። አንድ እናት የወለደችው ነው።»

አጎቴ አፍንጫውን በጋቢው ጠርጎ «ታዲያ የጠነሰስኩት ጠላስ? ገብሱ እኮ ተዝካር ተብሎ ነው የተፈጨው» አለ፤ አሳዘነኝም፣ አሳቀኝም።

«ጠላው ለተጠነሰሰበት ይዋል» አለች እናቴ። «እመታችንን ልቡ ላይ አድርጎ የሞተ ሰው የቤቴ እንግዳ ነው። ያለ አልቃሽ አልተወውም።»

መምሬ አለሙ ተቸገሩ። «ልጄ፣ ስመ ክርስትናውን ሳናውቅ ማን ብለን እንጠራዋለን? ክርስቲያን መሆኑንስ በምን አወቅን?»

«አባቴ፣ ስሙን ጌታ አያውቀውም እንዴ?»

መምሬ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። ካህን ነበሩ፤ ሕጉን ያውቃሉ። እናቴንም ያውቋታል። «ያውቀዋል» አሉ በመጨረሻ። «ፍትሐት አልልሽም፤ ለነዳያን አብይ፣ እኔም በጸሎቴ ‹ስሙን አንተ የምታውቀው› እለዋለሁ።»

«ለኔም ድርሻ ተውልኝ» አሉ ጋሼ ኑሩ ከበሩ አካባቢ። «ምናልባት የኔ ወገን ይሆናል።»

ጠላው ከጉና በበቅሎ ወረደ። ቅዳሜ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያሉ ነዳያን በሉ፣ ጠጡ፤ ስሙን ለማያውቁት ሰው «ነፍስ ይማር» አሉ። እናቴ ያን ዕለት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ለአጭሩ ሰው ስለሆነ መንገድ አይዘጋም ብዬ፣ ስፈራ ስቸር። ካንድ ቀን በፊት፣ ዓርብ፣ ጋሼ ኑሩ ደግሞ ሱቃቸውን ዘግተው ዳቦ አስጋግረው ዱዓ አስደርገዋል። ጥቁሩ ጨርቅ ሳይቆረጥ ለአጎቴ ተመለሰ። ኮቱን ግን እናቴ ግድግዳው ላይ፣ ምስማር ላይ ሰቀለችው።

በዚያ ሳምንት ጋሼ ኑሩ አራተኛዋን ተረት ጀመሩ። አንድ አጭር ሰው ከገዳሪፍ ተነስቶ፣ የሰው ኮት ለብሶ፣ የማያውቀው አገር ይመጣል። የሚሄደው የለቅሶ ድምፅ እየተከተለ ነው። ለእኔ የሚያለቅሱት እነማን ናቸው እያለ፣ ተራራ ወጥቶ፣ ገበያ አቋርጦ፣ አንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ደጅ ይደርሳል። «ገባ?» አልኳቸው። «ሊገባ ፈልጓል፤ ግን ማን ልበል ብሎ አፍሯል፤ ስሙን የሚያውቅ የለማ» አሉ። ካውያው በረደ።

አባቴ የመጣው ከዚያ በአራተኛው ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ነው። እናቴ በእነዚያ ዓመታት ነጭ ልብሷን ሳትቀይር፣ አለም ሞተም ሳትል ስትፈትል ኖራለች። ሰው «ከሉን ባለመልበሷ ትጸጸታለች» ሲል ትሰማለች። እኔ ያን ጊዜ ለጋሼ ኑሩ በመርፌ ክር የማስገባላቸው ልጃገረድ ነበርኩ፤ ዓይናቸው ደክሟል። አመሻሹ ላይ በሩ ተገፋና አንድ የከሳ፣ የጎበጠ፣ ጸጉሩ የነጣ ሰው ገባ። አላወቅሁትም። ግን መድረኩ ላይ ሲደርስ ራሱን ዝቅ አደረገ። ጉበኑ ከሱ በላይ ነበር፤ በመጉበጡ ዝቅ ማለት አያስፈልገውም። እሱ ግን ዝቅ አለ። እንዝርቱ ከእናቴ እጅ ወደቀ።

እግሩን አጠብነው። እናቴ ስማው፣ አይታው፣ ደግማ ስማው ከቆየች በኋላ ግድግዳው ላይ ወዳለው ኮት አየች። «ኮትህን ለማን ሰጠኸው?» አለችው።

አባቴም ቀና ብሎ አየውና ደነገጠ። «ከየት አመጣችሁት? ለይመር ነው የሰጠሁት። አንድ የወሎ ልጅ ነበር፣ አብረን ስናጭድ ንዳድ ያዘው። በዚያ ሙቀት እንደ በረዶ ሲንቀጠቀጥ አላስቻለኝም፣ አለበስኩት። ሲሻለው ሊመልስልኝ ቢል እምቢ አልኩት። እስከ ብብቴ ነው የሚደርሰው፤ ኮቱ መሬት ይጠርግበት ነበር፣ ሁላችን ስንስቅበት ገበያ ወስዶ አስጠበበው። ከዚያ ወደ ሌላ እርሻ ሄደ። ደህና ነው እንዴ?»

እናቴ ነገረችው። አባቴ ፊቱን በኮቱ ሸፍኖ አለቀሰ። አባቴ የመጣ ዕለት ቤታችን በእልልታ ፈንታ ለቅሶ ሆነ፤ ጎረቤት ደንግጦ ሲሮጥ ቢመጣ ደምሴን ቆሞ አገኘው፣ እና ምን እንደሚባል ጠፋው።

እናቴ ትንሽ ቆይታ «ክርስቲያን ነበር እስላም?» ስትለው አባቴ አሰበ። «አልጠየቅሁትም። ሲያንቀጠቅጠው አንዴ ማርያምን፣ አንዴ ነቢን ይጠራ ነበር።»

ጋሼ ኑሩ እስከዚያ ድረስ በመሀሉ በር ቆመው ነበር፤ ካውያቸውን እንደያዙ። ወደ እናቴ አዩ፤ እናቴም ወደሳቸው። ሁለቱም ድርሻቸውን እንደተወጡ ያን ጊዜ ነው ያወቁት። ከዚያ ጋሼ ኑሩ ወደ ውጭው በር ሄደው ወለል አድርገው ከፈቱትና፣ ለደጁ ጨለማ፣ ሰው እንደሚጠሩ ሆነው፣ ቀስ ብለው «ይመር፣ ግባ» አሉ። ማንም አልሳቀም። እኔ ከምድጃው የወይራ ፍም መርጬ ካውያቸውን ሞላሁላቸው።

ጋሼ ኑሩ ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆናቸው። ብዙ የተማሩ ሰው አልነበሩም፤ እኔም እንዲሁ። ግን በተረታቸው ያስፈሩኝን ያህል፣ በዓይናቸውና በጣታቸው ያዳኑኝ ሰው እንደሳቸው አላየሁም። አንድ ስፌት አተኩሮ በማየት አንዲት ሴት ባሏን በቁሙ ከመቅበር ስትድን አይቻለሁ፤ እናቴ ደግሞ በዚያው ማለዳ፣ የራሷ ሐዘን ሲነሳላት፣ ሰው የሌለውን ሰው ሐዘን አንስታ ተሸከመች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ መወሰን አልቻልኩም።

ዛሬ የእኔ ታናሽ ልጅ ዐረብ አገር ናት፤ የሰው ቤት ትሠራለች። ከሄደች አምስተኛ ዓመቷ ነው። እናቴ ማታ ማታ ትጸልይበት በነበረው ቦታ ላይ አሁን እኔ ነኝ የምቆመው። ግቢዬን ስጠርግ፣ በበሩ በኩል አንዲት ስንዝር ቦታ ሳልጠርግ እተዋለሁ፤ መጥረጊያውንም እዚያው አጋድሜ አኖረዋለሁ። የነፍስ አባቴ ቢሰሙ ይቆጡኝ ይሆናል፤ ፈጣሪ ግን የሚታዘበኝ አይመስለኝም። አንዳንድ ጠዋት መጥረጊያውን ካኖርኩበት ቦታ አላገኘውም። የጎረቤት ልጆች ናቸው እላለሁ። ያን ቀን ልጄ ስትደውል ግን፣ ሰላምታውን ሳልጨርስ፣ «እግርሽ እንዴት አደረ?» እላታለሁ፤ እሷም ተረቱን ታውቀዋለችና፣ ከዚያ ከሚያቃጥለው አገር ሆና፣ «ርሷል እማ» ትለኛለች።